የሥራ ጠረጴዛ በእጅ ሰርኩላር፦ የ7 ቀን የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የሚሠራው የጠርዝ ሽፋኑ ሳይቆጠር 1200 ሚ.ሜ ርዝመት፣ 600 ሚ.ሜ ስፋትና 850 ሚ.ሜ ቁመት ያለው የሥራ ጠረጴዛ ነው። ዋናው ቆረጣ በሙሉ የሚከናወነው 190 ሚ.ሜ ዲስክ በሚይዝ፣ 1400 ዋት በሆነ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ነው። ጠረጴዛው ቀላል ነው፤ ማስታወሻው የሚያዘው ለመጋዙ ነው።

የዚህ መጋዝ ዲስክ ያለ ጭነት በደቂቃ 5500 ጊዜ ይዞራል። ዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 55 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት ሲሰላ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ ነገር ከተሳሳተ በኋላ እጅን ለመሰብሰብ ጊዜ የለም። ደኅንነቱ የሚወሰነው ማብሪያው ከመጫኑ በፊት፣ እንጨቱ በተደገፈበት አኳኋን ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በፊት አንድ ጥያቄ እንመልሳለን፦ ተቆርጦ የሚለየው ቁራጭ ወዴት ይሄዳል?

የተዘጋጀው ዕቃ፦ 2440 በ1220 ሚ.ሜ የሆነ 18 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ሰሌዳ)፣ 45 በ90 ሚ.ሜ የሆነ ባለ 3 ሜትር ሞራሌ (ወፍራም አራት ማዕዘን እንጨት) 3 ፍሬ፣ 20 በ100 ሚ.ሜ የሆነ ባለ 2 ሜትር ጣውላ 1 ፍሬ፣ ለመሪ (መጋዙ ተጠግቶት ቀጥ ብሎ ለሚሄድበት ጠርዝ) የሚሆን 6 ሚ.ሜ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ባለ 24 ጥርስና ባለ 40 ጥርስ ዲስክ፣ 4 ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ መያዣ)፣ ስኳድራ (የ90 ዲግሪ መለኪያ)፣ ሜትር፣ እርሳስ፣ የእጅ መጋዝ።

ቀን 1፦ ስፒናው ከሶኬት ውጭ ሆኖ

ዛሬ አንድም እንጨት አልተቆረጠም። መጋዙ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ተፈተሸ። ባለ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ባትሪው ይወጣ ነበር፤ ማብሪያውን አልነካም ብሎ ጣትን ወደ ዲስክ መስደድ አይቻልም።

የመጀመሪያው ምርመራ የታችኛው መከላከያ ነው። ዲስኩን ከሥር የሚሸፍነው ይህ ተንቀሳቃሽ ክፍል በሞላ ጉልበት ወደ ቦታው ይመለሳል። እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቦ ሲለቀቅ ሦስት አራተኛውን መንገድ በፍጥነት መጣ፤ የቀረውን ግን እየተንፏቀቀ ጨረሰ። እንዲህ ያለ መከላከያ እንደተበላሸ ይቆጠራል። መዞሪያው ሲታይ ከእንጨት ሙጫ ጋር የተጋገረ ሰጋቱራ ሞልቶታል። በደረቅ የጥርስ ብሩሽና በቀጭን እንጨት ተፍቆ ወጣ። ዘይት አልተቀባም፣ ምክንያቱም ዘይት የነካው ቦታ በማግስቱ ዱቄት ጠጥቶ ይለጥፋል። ከጽዳቱ በኋላ መከላከያው "ቀጭ" ብሎ ተመለሰ። ፍተሻው መጋዙ በጥልቁና በጥልቀት በሌለው መጠን፣ በ90 እና በ45 ዲግሪ ተደገመ፤ በአንዱ አቀማመጥ ነፃ የሆነ መከላከያ በሌላው ሊያዝ ይችላል።

መከላከያውን በሽቦ አስሮ ወይም ሽብልቅ ሸጉጦ ክፍት ማድረግ በብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ ነው። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ ማብሪያው ከተለቀቀ በኋላ ዲስኩ ለጥቂት ሰከንድ መዞሩን ይቀጥላል። በዚያች ጊዜ መጋዙ ወለል ላይ ቢቀመጥ በጥርሱ እየሮጠ ይሄዳል፤ ወደ ጭን ቢጠጋ ደግሞ ጨርቁንም ሥጋውንም ይዞ ይገባል። የሚጣበቅ መከላከያ ይጸዳል ወይም ሞላው ይቀየራል እንጂ አይታሰርም።

ቀጥሎ ዲስኩ። ባለ 24 ጥርሱ ላይ አንድ የካርባይድ ጥርስ ተሸርፎ ተገኘ። ጉዳቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ቢሆንም ዲስኩ ወደ ጎን ተደረገና በሌላ ባለ 24 ጥርስ ተተካ። የተሸረፈ ጥርስ ከኋላው ያለውን ጥርስ እጥፍ ያሠራዋል፣ እሱም ተራውን ይሸረፋል። አዲሱ ዲስክ ላይ ሦስት ነገር ተነበበ፦ የተጻፈው ከፍተኛ የዙር ብዛት ከመጋዙ መብለጡ፣ የመሐል ቀዳዳው ከዘንጉ ጋር ያለ ክፍተት መግጠሙ፣ የቀስቱ አቅጣጫ በመጋዙ ላይ ካለው ቀስት ጋር መስማማቱ። በእጅ ሰርኩላር የፊተኞቹ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጡት። ይህ ነገር በቀን 4 ይመለሳል።

ዲስኩን ከሁለት ወገን የሚያቅፉት ሮንዴላዎች ተጠርገው ገቡ። በመሐላቸው የገባች ትንሽ ፍርፋሪ ጫፉ ላይ ስትደርስ ዲስኩን ታወዛውዛለች። ብሎኑ የሚፈታበት አቅጣጫ ከመጋዝ መጋዝ ስለሚለያይ መፍቻው እምቢ ሲል ጉልበት ከመጨመር መመሪያውን ማየት ይሻላል።

ከዲስኩ ኋላ ስንጥቁን (ዲስኩ ቆርጦ የሚተወውን ክፍተት) ተከትሎ የሚገባው የብረት ምላስ ይህ መጋዝ ላይ አለ። ምላስ የሌላቸው ሞዴሎችም ብዙ ናቸው። ሥራው ከኋላ የሚዘጋውን ስንጥቅ ከፍቶ መያዝ ነው። ከዲስኩ አካል መወፈር፣ ከሚቆረጠው ስንጥቅ ደግሞ መቅጠን አለበት። የዲስኩ አካል 1.6 ሚ.ሜ፣ ስንጥቁ 2.4 ሚ.ሜ ነው፤ ምላሱ 2 ሚ.ሜ ስለሆነ ይስማማል። ከጥርሱ ያለው ርቀት 8 ሚ.ሜ ሆኖ ተገኘ። ከ5 ሚ.ሜ መብለጥ ስለማይገባው ብሎኑ ላልቶ ወደ 3 ሚ.ሜ ተጠጋ።

የመጨረሻው ፍተሻ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፦ የብረት መቀመጫው (እንጨቱ ላይ የሚያርፈው የመጋዙ ዝርግ ክፍል) ጎን ከዲስኩ ጋር ትይዩ ነው? አንድ ጥርስ በቾክ ተለይቶ ከፊት ሲሆን እስከ መቀመጫው ጠርዝ ተለካ፤ ከዚያ ያው ጥርስ ወደ ኋላ ዞሮ ተለካ። ከፊት 38.0፣ ከኋላ 37.2 ሚ.ሜ። የ0.8 ልዩነት ማለት መጋዙ ቀጥ ባለ መሪ ሲነዳ የዲስኩ ጀርባ የስንጥቁን ግድግዳ እያሸ ይሄዳል ማለት ነው፤ እንጨቱ ይቃጠላል፣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ መጋዙ ይራገጣል። የመቀመጫው ማያያዣ ላልቶ ልዩነቱ ወደ 0.2 ወረደ። ስኳድራው ደግሞ የዲስኩን አካል በሁለት ጥርሶች መሐል ነክቶ 90 ዲግሪው ተስተካከለ። ስኳድራው ጥርስ ላይ ካረፈ ልኬቱ ይዋሻል፣ ምክንያቱም ጥርሱ ከአካሉ ወደ ጎን ይወጣል።

ቀን 2፦ ሞራሌ ቆረጣ

ከሦስቱ ሞራሌዎች 4 እግር በ814፣ 4 ረጅም አግዳሚ በ920፣ 4 አጭር አግዳሚ በ410 ሚ.ሜ ይወጣሉ። አደላደሉ እንዲህ ነው፦ ከመጀመሪያው 3 እግርና 1 አጭር፤ ከሁለተኛው 3 ረጅም፤ ከሦስተኛው 1 እግር፣ 1 ረጅምና 3 አጭር። ሦስተኛው ሞራሌ ላይ የመጋዙ ስንጥቅ ተደምሮ 24 ሚ.ሜ ብቻ ነው የሚተርፈው። ጫፉ የተሰነጠቀ ሞራሌ ለዚህ ቦታ አይመረጥም።

ኬብሉ መጀመሪያ ታየ። 1400 ዋት በ230 ቮልት 6 አምፔር ገደማ ይስባል። የሽቦው ውፍረት 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ 50 ሜትር ማራዘሚያ በዚህ ጭነት 14 ቮልት ያህል ያባክናል፤ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ግማሹን ነው የሚያባክነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ይደክማል፣ የደከመ መጋዝ ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ ይቆማል። ባለ 1.5ቱ ተመረጠ፣ ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ተፈታ፤ ተጠቅልሎ የቆየ ኬብል ይሞቃል። መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር ላይ በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ በኩል አለፈ። ኬብሉ ከቆራጩ ኋላ በትከሻ ላይ ተደርጎ ወረደ፣ የጣውላ ጫፍ ላይ እንዳይያዝ። መጋዝ በመሐል መንገድ ኬብሉ ተይዞ ሲቆም ሰው በደመ ነፍስ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ያ መጎተት አደጋ ነው።

መነጽር፣ የጆሮ መከላከያ (የዚህ ዓይነት መጋዝ ድምፅ 100 ዴሲቤል አካባቢ ነው)፣ የዱቄት ጭምብል። የእንጨት ዱቄትን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ጭምብሉ ለማስነጠስ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የተንጠለጠለ እጅጌ፣ የአንገት ልብስና ልል ጓንት ወለቁ።

ጥልቀቱ የተስተካከለው መጋዙን ከሞራሌው ጎን አስጠግቶ በዓይን በማየት ነው፦ ዲስኩ ከእንጨቱ ሥር 4 ሚ.ሜ ያህል፣ ከአንድ ሙሉ ጥርስ ያነሰ እንዲወጣ። እንጨቱ 45 ስለሆነ ጥልቀቱ 49 ሆነ። ዲስኩን እስከ ጥጉ አውርዶ መቁረጥ ምን ያስከትላል? ከሥር የሚወጣው ስለት ይበዛል፣ በእንጨቱ ውስጥ ያለው የዲስክ ገጽ ይሰፋል፣ ስንጥቁ ሲዘጋ የሚነክሰው ነገርም በዚያው ልክ ይጨምራል።

ቁራጩ ወዴት ይሄዳል? ሞራሌው ሁለት መደገፊያ ላይ ተጋድሞ በሞርሳ ታሰረ። የሚቆረጠው መስመር ከመጨረሻው መደገፊያ 50 ሚ.ሜ ወደ ውጭ ነው። ሁለቱም ጫፍ ተደግፎ መሐል ከተቆረጠ እንጨቱ በክብደቱ ይጎብጣል፣ ስንጥቁ ከላይ ይዘጋል፣ ዲስኩ ይነከሳል። በዚያ ቅጽበት ከኋላ ወደ ታች የሚወርዱት ጥርሶች እንጨቱን ይይዙና መጋዙን አንሥተው ወደ ቆራጩ ይወረውሩታል። ርግጫ የምንለው ይህ ነው። አንድ ጫፍ ነፃ ሲሆን ግን ቁራጩ ወደ ታች ሲያዘነብል ስንጥቁ ይከፈታል።

ባለ 410ዎቹ ነፃ ሆነው ወደቁ፣ ምንም ችግር የለም። ባለ 920ው ግን ክብደት ስላለው ቆረጣው 5 ሚ.ሜ ሲቀረው ተገንጥሎ ወረደና ከሥሩ ረጅም ስንጥር ቦጨቀ። ለቀጣዮቹ ረጅም ቁራጮች ከሥር ሌላ መደገፊያ ቆመ፣ ከዋናው 3 ሚ.ሜ ዝቅ ብሎ። ቁራጩ ትንሽ ወርዶ ያርፋል፤ ስንጥቁ ይከፈታል ግን አይገነጠልም። ረዳት ሰው ጫፉን እንዲይዝ ማድረግም ይቻላል፣ እሱ ግን አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ ሊያግዝ ብሎ ጫፉን ወደ ላይ ማንሣት ስንጥቁን ይዘጋዋል። እጁን ዘርግቶ ሥር ማኖር ብቻ ነው ሥራው።

አቆራረጡ፦ ስኳድራው በግራ እጅ ሳይሆን በሞርሳ ተያዘ፣ የመጋዙ መቀመጫ በጎኑ ተጠጋ። የመቀመጫው ሰፊ ክፍል ሁልጊዜ በተደገፈው እንጨት በኩል ያርፋል፤ በሚወድቀው በኩል ከሆነ ሲያልቅ መጋዙም አብሮ ይወድቃል። ዲስኩ እንጨቱን ሳይነካ ማብሪያው ተጫነ፣ ድምፁ አንድ ወጥ እስኪሆን ተጠበቀ፣ ከዚያ ወደ መስመሩ ተገፋ። ሁለት እጅ መጋዙ ላይ፣ አካል ከዲስኩ መስመር ወደ ጎን። ሲያልቅ ማብሪያው ተለቅቆ ዲስኩ እስኪቆም መጋዙ ባለበት ቆየ።

ቀን 3፦ መሪው

በእርሳስ መስመር ላይ በዓይን እየተነዳ አንድ ሜትር ከሩብ ኮምፔንሳቶ መቁረጥ ጥሩ ጠርዝ አያወጣም። ከጠርዙም ይልቅ ደኅንነቱ ያሳስባል፦ መስመር የሳተ መጋዝ በመሐል ሲጠመዘዝ ዲስኩ ስንጥቁ ውስጥ ይጣመማል፣ ያ ራሱ ርግጫ ያመጣል። ለዚህ መሪ ተሠራ።

ከ6 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ 300 በ1400 ሚ.ሜ ወለል ተቆረጠ። በላዩ 100 ሚ.ሜ ስፋት ያለው፣ 12 ሚ.ሜ ውፍረት የሆነ ሌላ ጥብጣብ በኮላና ከሥር በገቡ አጫጭር ብሎኖች ተያዘ። የጥብጣቡ ወደ መጋዙ የሚዞረው ጎን ከፋብሪካ የወጣው ቀጥ ያለ ጠርዝ ነው፤ በእጅ የተቆረጠ ጠርዝ እዚህ አይሆንም፣ ጉድለቱ ለሁሉም ቆረጣ ይተላለፋልና። ኮላው ደርቆ መጋዙ በጥብጣቡ ጎን አንድ ጊዜ ተነዳ፣ ትርፍ የሆነው ወለል ተቆርጦ ወደቀ። አሁን የወለሉ ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ቦታ በትክክል ነው። ጠርዙን እርሳሱ መስመር ላይ ማኖር ብቻ ይበቃል፣ ስሌት የለም።

ሁለት ማሳሰቢያ። መሪው ለአንድ መጋዝና ለአንድ የዲስክ ውፍረት ብቻ ያገለግላል፤ "190/2.4" ተብሎ ተጻፈበት። ሌላው የሞርሳው ቦታ ነው፦ መሪውን የያዘ ሞርሳ እጀታው ወደ ላይ ከቆመ ሞተሩ መሐል መንገድ ላይ ይመታዋል። ስለዚህ መጋዙ ጠፍቶ፣ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ዲስኩ ከእንጨቱ በላይ ተነሥቶ መንገዱን ሙሉ በደረቁ አንድ ጊዜ ይሄዳል።

ቀን 4፦ ሙሉው ኮምፔንሳቶ

የዛሬው ሥራ ትልቁ ነው፣ በመደገፊያ ላይ ሳይሆን ወለል ላይ ተሠራ። አራት የትራፊ እንጨት ዘንጎች ከቆረጣው መስመር ጋር ትይዩ ተዘረጉ፦ ሁለቱ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ60 ሚ.ሜ ርቀት፣ ሁለቱ ወደ ዳር። ኮምፔንሳቶው ተጋደመባቸው። ቁራጩ ወዴት ይሄዳል? የትም። ሁለቱም ግማሽ በየሁለት ዘንግ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ፣ ስንጥቁ አይከፈትም አይዘጋምም። ለሰፊ ሰሌዳ ነፃ ጫፍ መተው አይሠራም፤ ግማሹ 16 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ስላለው ሲወድቅ መሪውንም መጋዙንም ይዞ ይሄዳል።

ዲስኩ ወደ ባለ 40 ጥርስ ተቀየረ፣ ስፒናው ተነቅሎ። ጥልቀቱ፦ 18 የሰሌዳው፣ 6 የመሪው ወለል፣ 4 ትርፍ፣ ድምሩ 28 ሚ.ሜ። ዘንጎቹ 40 ሚ.ሜ ከፍታ አላቸው፣ ዲስኩ ወለሉን አይነካም።

የሰሌዳው መልካም ገጽ ወደ ታች ተገለበጠ። ጥርሶቹ ከታች ወደ ላይ ስለሚወጡ የሚቦጫጨቀው የላይኛው ገጽ ነው። መሪው የላይኛውን ጠርዝ ስለሚጫነው በሱ በኩል ያለው ንጹሕ ይወጣል፤ ቡጭቅጫቂው በሌላኛው በኩል ይታያል። መሪው ሁልጊዜ በሚፈለገው ክፍል ላይ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

ሰሌዳው መጀመሪያ በወርዱ ለሁለት ተከፈለ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ለሁለት ተሰነጠቀ። ከአራቱ ሁለቱ ተደርበው የጠረጴዛው ፊት ይሆናሉ፣ አንዱ የታችኛው መደርደሪያ፣ አንዱ የማዕዘን ማጠናከሪያ። ሁሉም መጀመሪያ ከልኩ ሰፋ ብለው ወጡና በኋላ ወደ 1200 በ600 ተጠረቡ። በዚህ ጊዜ የሚወጣው ቀጭን ጥብጣብ 15 ሚ.ሜ ገደማ ነው። ቆራጩ ሰሌዳው ላይ ተንበርክኮ ይሄዳል፣ ሰውነቱም ሆነ ጉልበቱ ከዲስኩ መስመር ግራ። እጅ ሩቅ ድረስ ተዘርግቶ መግፋት ሲያስፈልግ ማብሪያው ይለቀቃል፣ ዲስኩ ይቆማል፣ ቆራጩ ቦታውን ይቀይራል። እንደገና ሲጀመር መጋዙ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጥርሶቹ እንጨት እንዳልነኩ ታይቶ ነው ማብሪያው የሚጫነው።

ፍጥነቱን የሚናገረው ሰጋቱራው ነው። በትክክል ሲገፋ የሚወጣው ፍርፋሪ በጣት ሲታሸት ሸካራ ነው። ሦስተኛው ቆረጣ ላይ እንደ ዱቄት ለስልሶ፣ ሞቆና ጠቆር ብሎ ወጣ፤ የተቃጠለ እንጨት ሽታም መጣ። አገፋፉ ዝግ ብሎ ነበር። ጥርሱ እንጨት ሳይቆርጥ በአንድ ቦታ ሲያሽ ይሞቃል፣ የሞቀ ዲስክ ይወላገዳል። ትንሽ ፈጠን ሲባል ሽታው ጠፋ። አገፋፉ ፈጥኖም ቢሸተት ኖሮ ምክንያቱ የደነዘ ጥርስ ወይም የተጣመመ መቀመጫ ይሆን ነበር።

መደርደሪያው በመጨረሻ ወደ 1100 በ500 ወረደ።

ቀን 5፦ ጣውላው መጋዙን ነከሰ

የኮምፔንሳቶውን ጠርዝ ለመሸፈን ከባለ 2 ሜትሩ ጣውላ ሁለት 36 ሚ.ሜ ወርድ ያላቸው ጥብጣቦች በቁመት ይሰነጠቃሉ። ከእያንዳንዱ አንድ 1200 እና አንድ 640 ሚ.ሜ ይወጣል። ባለ 24 ጥርስ ዲስኩ ተመለሰ፤ በቃጫው አቅጣጫ ሲሰነጠቅ ረጃጅም ፍርፋሪ ስለሚወጣ በጥርሶቹ መሐል ሰፊ ቦታ ይፈለጋል። ከመቀመጫው የሚወጣው የጎን መሪ በ36 ታሰረ።

ኮምፔንሳቶ የተደራረበ ስለሆነ ዝም ብሎ ይቆረጣል። ጣውላ ግን ውስጡ ውጥረት አለ፤ ሲሰነጠቅ አንዱ ወገን ይጎብጣል። 400 ሚ.ሜ እንደተሄደ የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ይህን ድምፅ ማወቅ ከማንኛውም መመሪያ ይበልጣል፦ ከፍ ብሎ የሚያፏጨው ወደ ማጉረምረም ይለወጣል፣ እጀታው ላይ ትንሽ የመንቀጥቀጥ ስሜት ይመጣል። ያኔ የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማብሪያውን መልቀቅና መጋዙን ባለበት አጥብቆ ይዞ እስኪቆም መጠበቅ። እየዞረ ወደ ኋላ መሳብ ጥርሶቹን ከተዘጋው ስንጥቅ ጋር ያጋጫቸዋል፤ ወደፊት መግፋት ደግሞ ሞተሩን ያፍነዋል።

ዲስኩ ቆሞ ስፒናው ሲነቀል ስንጥቁ ታየ። መግቢያው ላይ 2.4 ሚ.ሜ መሆን የነበረበት 1 ሚ.ሜ አካባቢ ሆኗል፣ ሁለቱ ወገኖች የብረቱን ምላስ ጨምድደው ይዘውታል። ምላሱ ባይኖር የሚነከሰው ዲስኩ ነበር። መጋዙ ወጣ፣ ከስስ እንጨት የተጠረበ ሽብልቅ ስንጥቁን ወደ 3 ሚ.ሜ እስኪከፍት በቀስታ ገባ። ከዚያ በኋላ በየ500 ሚ.ሜ ቆም እየተባለ ሽብልቁ ተከታትሎ ገባ። ሁለተኛው ጥብጣብ ላይ እንጨቱ ገና ሳያስቸግር ሽብልቁ ከ300 ሚ.ሜ ጀምሮ ገብቷል፣ ቆረጣውም ያለ ችግር አለቀ። ምላስ በሌለው መጋዝ ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው ሽብልቁን አጠገቡ ሳያዘጋጅ አይጀምር።

እርጥብ ጣውላና ጉጥ የበዛበት ጣውላ ከዚህ የባሰ ይነክሳል። ጉጡ ጋ ሲደረስ ግፊቱ ይቀነሳል፣ ጥርሱ እስኪያልፈው።

ሁለቱ ጥብጣቦች ሲወጡ 23 ሚ.ሜ የምትሆን ትራፊ ቀረች። ከእሷ ሌላ ጥብጣብ ለማውጣት መሞከር በዚህ መጋዝ አይሆንም፤ መቀመጫው የሚያርፍበት ቦታ የለም።

ቀን 6፦ የመደርደሪያው ማዕዘንና ማጠናከሪያዎቹ

መደርደሪያው አራቱን እግሮች እንዲያልፍ በየማዕዘኑ 90 በ45 ሚ.ሜ ይነሣለታል። እዚህ ላይ የክብ ዲስክ ጠባይ ይታያል። የፊት ጥርሱ የላይኛው ገጽ ላይ መስመሩን ሲነካ ከሥር ያለው ቆረጣ ገና ወደ ኋላ ነው። 190 ሚ.ሜ ዲስክ 22 ሚ.ሜ ወርዶ 18 ሚ.ሜ ሰሌዳ ሲቆርጥ የላይኛው ከታችኛው በ33 ሚ.ሜ ይቀድማል። ስለዚህ 90 ሚ.ሜ የሚገባው ቆረጣ ከታች 57 ብቻ ነው የደረሰው፣ የቀረው በእጅ መጋዝ ይጨረሳል። 45 ሚ.ሜ የሚገባው ደግሞ ከታች 12 ሚ.ሜ ብቻ ይቆርጣል፤ ለእሱ ሰርኩላሩን ማንሣት ትርፍ የለውም፣ ከመጀመሪያው በእጅ መጋዝ ተሠራ። ከታች ቀጥ እንዲል ብሎ ከመስመሩ ማሳለፍ ግን ፊቱን ያበላሻል፣ ማዕዘኑንም ያዳክማል።

በሰሌዳ መሐል ቀዳዳ ለማውጣት ዲስኩን ከላይ እያዞሩ ማውረድ ልምድ ባላቸውም እጅ ከባዱ ሥራ ነው። ከኋላ ያሉት ጥርሶች መጀመሪያ ከነኩ መጋዙ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ቋሚ ምላስ ያለበት መጋዝ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ለመሣሪያ ማንጠልጠያ የሚሆነው ቀዳዳ በመሰርሰሪያና በትንሽ የእጅ መጋዝ ይወጣል ብለን ትተነዋል።

ማጠናከሪያዎቹ 8 ሦስት ማዕዘኖች ናቸው፣ ሁለቱ ጎናቸው 200 ሚ.ሜ። በመጀመሪያ የሚታሰበው 200 በ200 የሆኑ አራት ካሬ ቆርጦ እያንዳንዱን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መክፈል ነው። አደገኛው መንገድ እሱ ነው፦ 200 ሚ.ሜ ካሬ ላይ ሞርሳውም መቀመጫውም እጁም አብረው አይበቁም። ከ300 ሚ.ሜ ያነሰ ቁራጭ በእጅ ሰርኩላር ፊት ብቻውን አይቀመጥም። እኛ ያደረግነው ከአራተኛው ሰሌዳ 200 በ1200 ጥብጣብ አውጥቶ በሁለት ሞርሳ አስሮ ከጫፉ በኩል በተራ መቁረጥ ነው፤ አንዱ በ45፣ ቀጣዩ በ90፣ እንደገና በ45። እያንዳንዱ ቆረጣ አንድ ሦስት ማዕዘን ይጥላል፣ የታሰረው ሁልጊዜ ረጅሙ ክፍል ነው። ስምንቱ ወጥተው ወደ 380 ሚ.ሜ የሚሆን ጥብጣብ ተረፈ፣ ይህም እስከ መጨረሻው ሞርሳ ለመያዝ በቃ።

የ45 ዲግሪው ቆረጣ ሲጀመር የታችኛው መከላከያ ጠርዙ ላይ ተያዘ፣ መጋዙ አልገባም አለ። ገፍቶ ማለፍ መስመሩን ያስታል። መከላከያው በራሱ እጀታ ትንሽ ተነሥቶ ዲስኩ እንጨቱ ውስጥ እንደገባ ወዲያው ተለቀቀ። የሚነሣው በእጀታው ነው፣ ጣት ከመቀመጫው ሥር ፈጽሞ አይገባም።

ቀን 7፦ ገጠማና ጽዳት

እግርና አግዳሚው ተገጠመ፣ ማጠናከሪያዎቹ በየማዕዘኑ በኮላና በብሎን ገቡ። ሁለቱ ሰሌዳዎች ተጣብቀው 36 ሚ.ሜ ሆኑ፣ ጥብጣቦቹ ጠርዛቸውን ሸፈኑ። ዲያጎናሎቹ (ከማዕዘን እስከ ትይዩ ማዕዘን ያሉት ርዝመቶች) ሲለኩ የ1 ሚ.ሜ ልዩነት አላቸው።

ባለ 24 ጥርሱ ዲስክ ወልቆ ታየ። ከጣውላው የወጣው ሙጫ በጥርሶቹ ጎን ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ለ15 ደቂቃ በሞቀ የሳሙና ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በናይለን ብሩሽ ተፋቀ፣ ወዲያው ደረቀ። የሽቦ ብሩሽ አልተነካበትም፣ የካርባይዱ ጫፍ በቀላሉ ይሸረፋል። ሙጫው ሲነሣ ዲስኩ ያልደነዘ መሆኑ ታወቀ፤ ደነዘ ተብሎ ከሚጣለው ዲስክ ስንቱ ታጥቦ ብቻ ይሠራ ነበር።

መከላከያው እንደገና ተስቦ ተለቀቀ። የሰባት ቀን ሰጋቱራ ቢገባበትም "ቀጭ" ብሎ ተመልሷል። መዞሪያው ተጠረገ፣ ጥልቀቱ ወደ ዜሮ ተመለሰ፣ ኬብሉ ሳይታጠፍ ተጠቀለለ። ጥርሱ የተሸረፈው ዲስክ በቀይ ቀለም ተሰርዞበት ለብቻው ተቀምጧል፤ ጥርሱ እስኪቀየር ማንም ተሳስቶ እንዳያስረው።